ነጻ የወጣው ጅረት

ውሃ ለኪዋ መጀመሪያ የመጣች ቀን ባለላሙ ከግቢው ሊያባርራት ምንም አልቀረው። የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሣጥን አንጠልጥላ በአጥሩ በር ዘው ስትል የከብት መድኃኒት ሻጭ መስላው ነበር። "ውሃ ነው የምለካው ጋሼ፤ በመሬትዎ የሚያልፈውን ጅረት ላየው ነው የመጣሁት" አለችው።

"ጅረቱ ምን ሆነ? ታመመ?"

"ታሟል እንጂ! ከበረትዎ በላይ ደህና ነው። ከበረትዎ በታች ሲወርድ ግን መተንፈስ አቅቶታል፤ ከታች ያለውንም ረግረግ ይዞት ሊሞት ነው።"

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው? ላሞቼ ሽንት ቤት ይግቡልሽ?"

ይቺን የተናገረው ሊያሳፍራት ነበር። እሷ ሆዬ ሣጥኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፈገግ አለች አላልኩም፤ ሳቀች ነው የምላችሁ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ግቢ ሰው ሲስቅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ባለላሙ ግንባሩን እንደቋጠረ ቆሞ ቆሞ፣ አፉ አልታዘዝ ብሎት እሱም ሳቀ። አለቀ። ከዚያ በኋላ በምን አንጀቱ ያባርራታል?

ስለ ባለላሙ ትንሽ ልንገራችሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ጠዋት ላሞቹን ያልባል፣ በረቱን ያጥባል፣ የወተት መኪናውን ይጠብቃል። የወተት መኪናው ሾፌር ይመጣና ቱቦውን ከማቀዝቀዣው ጋር ይሰካል፤ ጆሮው ውስጥ የሰካውን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳን ነቅሎት አያውቅም። ባለላሙ "ዛሬ ብርድ ነው" ይለዋል፤ ሾፌሩ አውራ ጣቱን ያሳየዋል። "ትናንት ነፋሱ ቆርቆሮዬን ሊወስደው" ይለዋል፤ አሁንም አውራ ጣቱን። አንድ ጠዋት ባለላሙ "ቤቴ ተቃጥሎ አደረ" ብለውስ ብሎ አሰበና መልሱን ራሱ ስላወቀው ተወው።

ልጁ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ደግ ልጅ ናት፣ አይካድም። ግን ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ነው የምታወራው፤ የሳህን መንኳኳት፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የባሏ "የት ነው ያስቀመጥሽው" ከድምጿ ጋር አብሮ ይመጣል። "አባዬ በላህ?" "በላሁ።" "ላሞቹን ሽጥና እኛ ጋ ና አላልኩህም?" "ብለሽኛል።" "በል ደህና ሁንልኝ፣ ወጥ አርሮብኛል!" ወጡ በየሳምንቱ ያርራል። ባለላሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ትንሽ ያየዋል፣ ከዚያ ወደ በረት ይወጣል።

በረት ውስጥ ደግሞ ወይዘሮዋ አለች። ወይዘሮዋ ላም ናት፤ እሷ ሳትገባ ሌላ ላም አይገባም፣ እሷ ሳትታለብ ሌላዋ ብትታለብ በእግሯ ባልዲ ትደፋለች። ለሷ ያወራላታል። ግን እስቲ አስቡት፤ ላም የፈለገ ታዳምጥ፣ "ከዚያስ?" አትልም። ሰው አጠገብ የሚፈለገው ለዚያች ለ"ከዚያስ?" አይደል እንዴ?

ለኪዋ "ከዚያስ?" ትላለች። እሱ ነው ነገሩ።

ጅረቱን ማዳኑ ቀልድ አልነበረም። በፊት የበረቱ እጣቢ፣ ሽንቱም እበቱም፣ በአንዲት ቦይ ቀጥ ብሎ ጅረቱ ውስጥ ይገባ ነበር። ላሞቹ ደግሞ የሚጠጡት እዚያው ወርደው ነው፤ ዳርቻውን በኮቴያቸው ፈጭተው ጭቃ አድርገውታል፣ ጠጥተው ሲጨርሱም ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። ለኪዋ በየጊዜው እየመጣች አንዱን ነገር ካንዱ እያስከተለች አሠራችው። መጀመሪያ ላሞቹ ወደ ውሃው እንዳይወርዱ አጥር። ቀጥሎ ከአጥሩ ወዲህ የሚጠጡበት ገንዳ። ቀጥሎ ከበረቱ ግርጌ ሰፊ የእበት ጉድጓድ፣ ውስጡ ወፍራም ላስቲክ የተነጠፈበት፣ እጣቢው እየተጠራቀመ በበጋ ለግጦሹ መሬት ማዳበሪያ እንዲሆን። ከጉድጓዱ ወደ ጅረቱ የምትወርደውን የድሮዋን ቦይ አፍ በወፍራም ሳንቃ ዘጋት፤ ሳንቃውንም በድንጋይ ደገፈው። በመጨረሻ በጅረቱ ዳርና ዳር፣ እስከ ረግረጉ ድረስ፣ ደንገልና ቄጠማ ተከለ። ወገቡ እስኪቆረጥ ሠራ። ይነጫነጫል፣ "አንቺ ልጅ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው" ይላታል፤ በሚቀጥለው ስትመጣ ግን ሥራው አልቆ ታገኘዋለች።

ጉድጓዱ እንዳለቀ በበረቱ በር ላይ አንድ ቢጫ ወረቀት ለጠፈችለት፤ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የተሸፈነ። "ፍሳሽ ሲያጋጥም ይደውሉ" ይላል፤ ከሥሩ የሷ የራሷ ስልክ ቁጥር። ባለላሙ ወረቀቱ እንዳይነቀል አራት ማዕዘኑን በምስማር መታው።

የሚወዳት ነገር ግን ቱቦዋን ነው። ረጅም፣ እንደ መስታወት የጠራ ቱቦ ናት፤ ታችኛው ጫፏ ላይ ጥቁር መስቀለኛ ምልክት አላት። ለኪዋ ከጅረቱ ቀድታ ትሞላትና "ጋሼ ይዩልኝ እስቲ፤ የእርስዎ ዓይን ይሻላል" ትለዋለች። ባለላሙ መነጽሩን ካላደረገ ወይዘሮዋንና በርሜሉን እንደማይለይ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ በቱቦዋ አፍ ወደ ታች ያያል።

"ምን ይታያል?" ትላለች።

"ድፍን ጨለማ።" ይሄ መጀመሪያ ሰሞን ነው።

ከአጥሩ በኋላ "እንደ ጥላ ያለ ነገር" አለ። ከጉድጓዱ በኋላ "ኧረ አለ፣ አለ መስቀሉ!" ብሎ እንደ ልጅ ጮኸ። ደንገሉ ሥር ሲይዝ ደግሞ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ታየው። ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ። ሻዩን አፍልቶ የሚጠብቃት እሱ ነው፤ ውሃ ለክታ ስትጨርስ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ዳቦ እየቆረሱ ያወራሉ። እሷ ለዚህ ሥራ ከሩቅ ተዛውራ የመጣች ናት፤ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አንድ ቀን ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንደያዘች "የሥራ ቀን ምንም አይደል፤ እሁድ ነው የሚከፋኝ። እሁድ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው" አለችው። ባለላሙ "ስኳር ጨምሪ፣ ስኳር" አላት። አልሰማትም ማለት ነው። ብቸኝነት ሲበዛ ጆሮ ይደፍናል መሰለኝ፤ የራሱን ብቻ ነበር የሚያዳምጠው።

በዚያ ዓመት ከአጥሩ በታች ባለችው ኩሬ ውስጥ የእንቁራሪት ልጆች ታዩ። ጭራቸውን እያወናጨፉ የሚዋኙ፣ ከባቄላ የማይበልጡ ጥቋቁር ነገሮች። ለኪዋ አይታ እጇን አጨበጨበች። ባለላሙ ግን ስለ ሚስቱ ነገራት። ሲጋቡ ረግረጉ በእንቁራሪት ጩኸት ይናወጥ ነበር፤ ሚስቱ "እነዚህ ሰካራሞች ዛሬም ሊያስተኙን አይደለም" እያለች ትስቅ ነበር። ከዚያ ላሞቹ በዙ፣ ጩኸቱ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጠፋ፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም። በመጨረሻ ሕመሟ ላይ፣ አልጋ ይዛ ሳለ፣ ድንገት "እንቁራሪቶቹ የት ሄዱ?" ብላ ጠየቀችው። "የምመልሰው አጣሁ" አላት ለኪዋን። "ምን ብዬ ልንገራት? እኔም እኮ መሄዳቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው።"

"ከዚያስ?" አለች ለኪዋ ቀስ ብላ።

"ከዚያማ ሞተች።"

እንዲህ ያለ ነገር ለሾፌሩ አይነገርም።

ታዲያ ከዚያ ቀጥላ ስትመጣ ነው ጉዱ የመጣው። ቱቦዋን ሞላች፣ መስቀሉ ቁልጭ አለ፤ በሽቦ የታሰረች መለኪያዋንም ነከረች፣ ራሷን ነቀነቀች። ሣጥኗን እየዘጋች በሳቅ "በሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ ነጻ ወጡ ማለት ነው ጋሼ" አለችው።

"ምን ማለት ነው ነጻ?"

"ጅረቱ ከበሽተኞች ተራ ይሰረዛላ! እኔን ከማየት ተገላገሉ፤ ከእንግዲህ አጥር ሥራ፣ ጉድጓድ ቆፍር የሚል ጨቅጫቃ የለብዎትም።"

ባለላሙ በአፉ ሳቀ። "ተመስገን ነው" አለ። መኪናዋ አቧራውን አስነስታ ስትሄድ ግን አጥሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ነጻ ወጣህ ሲሉት ሰው እስር ቤት በር ላይ እልል ይላል፤ እሱ ደግሞ ገና አሁን የሚታሰር መሰለው። እንዴ፣ ሰው እንዴት በሠራው በጎ ሥራ ይቀጣል? ይሄን ለወይዘሮዋ ነገራት። ወይዘሮዋ አመነዠከች።

ቀኑ በቀረበ ቁጥር ሐሳብ ያዘው። ሲያልብ ያስባል፣ ሲያጥብ ያስባል። መጀመሪያ ያሰበው ደህና ነገር ነበር፤ "አትቅሪ ልበላት" ብሎ ነበር። ቀጥሎ አፈረ። አንድ ሽማግሌ ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ለዚያውም ለልጁ እኩያ፣ ምን ብሎ ነው "አትቅሪ" የሚለው? ምን ይሉታል? ከዚያ ነው ያ ሐሳብ የመጣው። ከየት መጣ አትበሉኝ፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ በር አያንኳኳም፣ ገብቶ ተቀምጦ ነው የምታገኙት። የቦይዋን ሳንቃ ለአፍታ ቀና ማድረግ። ጥቂት ብቻ፣ ውሃውን ደፈርስ የሚያደርግ ያህል። መስቀሉ ደብዘዝ ይላል፣ "ውይ፣ ገና ነው" ትላለች፣ በሚቀጥለው ትመጣለች። ማን ይጎዳል?

ለኪዋ በምትመጣበት ቀን የወተት መኪናው ሾፌር አውራ ጣቱን አሳይቶ ከሄደ በኋላ ባለላሙ ሻይ ጣደ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፣ ድንጋዩን አንከባሎ አነሳ፣ ሳንቃዋን በሁለት እጁ ይዞ ቀና አደረጋት።

ይሄ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ እበት ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። ጉድጓዱ እስከ አፉ እንደሞላ ያውቃል፤ መሬቱ እስኪደርቅ እየጠበቀ ማዳበሪያውን ያላወጣው እሱ ራሱ ነው። የሞላ ጉድጓድ ጥቂት ብቻ እንደማይሰጥ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ግን ልብ አንድ ነገር ከፈለገች እጅ የሚያውቀውን ታስረሳለች። ሳንቃዋ ቀና እንዳለች ያ ሁሉ የታመቀ እጣቢ ከኋላዋ ገፍትሮ ነጠቀው፤ ሳንቃዋ ተገለበጠች፣ ቦዩ በአንድ ጊዜ ግጥም ብሎ ሞላ። ጥቁር ቡኒው ነገር እያጓራ ቁልቁል ወረደ። ባለላሙ "አይ! አይ! አይ!" እያለ በደረቱ ሊያቆመው ሞከረ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ሳንቃዋ እምቢ ስትለው የገለባ ጆንያ እየጎተተ ቦዩ አፍ ላይ ጣለ፣ በላዩ ድንጋይ፣ በላዩ ሌላ ጆንያ። ሲቆምለት ጉድጓዱ ግማሽ ሆኗል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፤ ሻዩ ከላይ ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋው እንኳን አላወቀም።

የመኪና በር ድምፅ የሰማው ያኔ ነው።

"ጋሼ! የምሥራች!"

ለኪዋ ወደ ጅረቱ አልሄደችም፤ እየሮጠች ወደሱ ነው የመጣችው። በአንድ እጇ ሣጥኗን፣ በሌላው አዲስ ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ችካል ይዛለች። የጭቃውን ነገር አይታም እንደ ወትሮው የሥራ ጭቃ መሰላት።

"የምሥራች እያልኩዎት! ምስር ብይ አይሉኝም እንዴ?"

"ምስር ብይ" አለ ባለላሙ።

"አለቃዬን ለምኜ ለምኜ አስፈቀድኩ! ነጻ የወጣ ጅረት ይሰረዛል አላልኩዎትም? ይሄኛው አይሰረዝም። ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሌሎቹን የታመሙትን ጅረቶች ሁሉ ከሱ ጋር ነው የምናስተያያቸው፤ ጤነኛ ጅረት ይሄን ይመስላል ብለን። ማነጻጸሪያ ደግሞ ሳይለካ አይታለፍም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እየመጣሁ አሰለችዎታለሁ!" ችካሉን ወደ ላይ አነሳችው። "ይቺን ዳር ላይ እንተክላለን። የዛሬው ውሃ ብቻ ንጹህ ይሁን፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።"

ባለላሙ ክው አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በደስታ ይገባ ነበር። እሷ ግን "ይምጡ እንጂ!" ብላ ቀድማው ቁልቁል ሄደች፤ እሱም እግሩን እየጎተተ ተከተላት።

ከአጥሩ ሳትደርስ ሽታው አቆማት። ከዚያ አየችው። ጅረቱ ጅረት አይመስልም፤ ቡኒ አረፋ ደፍቆ በደንገሉ መሀል እየተግተለተለ ወደ ረግረጉ ይወርዳል። ኩሬዋ ውስጥ፣ ያኔ እጇን ያጨበጨበችላቸው የእንቁራሪት ልጆች፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ከአረፋው ጋር ዳር ላይ ተከማችተዋል። ገና የሚንፈራገጡም ነበሩ። ለኪዋ ሣጥኗን አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ቁጢጥ አለች።

"ሳንቃው ለቀቀ?" አለች ሳትዞር።

ውሸቱን ራሷ አቀበለችው፤ ማንሳት ብቻ ነበር የቀረው። አዎ ለቀቀ፣ ያው አሮጌ እንጨት፣ ቢላት ታምነዋለች፤ አደጋ ነው ይባላል። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ይላት ነበር። ባለላሙ ግን ዓይኑ ከኩሬዋ አልነቀል አለው። ሚስቱ ዛሬም ከአልጋዋ ላይ ሆና "የት ሄዱ?" የምትለው መሰለው፤ አሁን ደግሞ መልሱን ያውቀዋል።

"እኔ ነኝ የከፈትኩት" አለ።

ዞረች። "ለምን? ሊያጸዱት ብለው?"

"እንድትመጪ ብዬ።"

"እየመጣሁ አይደል እንዴ?"

"ነጻ ወጡ አልሽኝ። ተገላገሉ አልሽኝ።" የቆሸሸ እጁን በሱሪው ጠረገ። "ጥቂት ብቻ ነበር ልጄ። ደፈርስ ካለ ሌላ ቀን ትመጫለሽ ብዬ። ካንቺ በቀር እኮ እዚህ ቤት የሚመጣ ሰው የለም። የሚያናግረኝ የለም። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ለኪዋ ወደ ሥራዋ ዞረች። ሣጥኗን ከፈተች፣ ጠርሙሶቿን አወጣች፣ ጓንቷን አደረገች። እጇ እንደ ልማዱ ይሠራል፤ ፊቷ ግን ፈዟል። ቱቦዋን ሞላችና፣ ከልማድ ብዛት ይሁን ከንዴት እንጃ፣ ለሱ ዘረጋችለት።

ጎንበስ ብሎ አየ።

"ምን ይታያል?"

"ድፍን ጨለማ" አለ።

ቱቦዋን ደፋችው። "ይሄን መደበቅ አልችልም ጋሼ።"

"እንዳትደብቂው።"

"ከዛሬ ጀምሮ ጉዳዩ ወደ ተቆጣጣሪዎቹ ያልፋል። የኔ አይሆንም። ሌላ ጅረት ይሰጡኛል።" ጠርሙሶቹን እየደረደረች ነበር፤ ድንገት አንዱን ሣጥኑ ውስጥ ወረወረችውና ጮኸችበት። "ምን ነካዎት ግን? ምን ነካዎት! ሻይ ጠጪ ብለው ቢጠሩኝ አልመጣም ነበር? እሁድ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው ብዬ ነግሬዎት የለም እንዴ? ስልኬ እኮ በረትዎ በር ላይ ተለጥፏል! በምስማር የመቱት እርስዎ ራስዎ ነዎት!"

"እሱ ፍሳሽ ሲያጋጥም ነው የሚለው" አለ ባለላሙ።

ለኪዋ አየችው። ያ የመጀመሪያው ቀን ሳቋ ሊመጣ አፏ ጫፍ ላይ የደረሰ መሰለ፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። አልሳቀችም። ነጩን ችካል ከመሬት አንስታ መኪናዋ ውስጥ ከተተችው፣ ሞተሩን አስነሳች፣ እጇን ሳታውለበልብ ሄደች። ባለላሙ ባልዲ ይዞ ወደ ኩሬዋ ወረደ። ገና የሚንቀሳቀሱትን በእፍኙ እየለቀመ፣ ከበረቱ በላይ ወዳለው ንጹህ ውሃ እየወሰደ ጨመራቸው። አብዛኞቹ እዚያም ሄደው አልተንቀሳቀሱም።

ተቆጣጣሪዎቹ ሁለት ነበሩ። ሰዓታቸውን እያዩ መጡ፣ ፎቶ አነሱ፣ የቦዩ አፍ በሲሚንቶ እንዲደፈን አዘዙ። ባለላሙ ሻይ አቅርቦላቸው ነበር፤ "ቸኩለናል" አሉት። ሲሚንቶውን በማግሥቱ ደፈነው። ያ ሳንቃ የተነሳበት ቦታ አሁን ሰው ይቅርና ዝሆን ቢገፋው የማይንቀሳቀስ ግንብ ሆነ። ጉድጓዱንም መሬቱ እንደደረቀ ባዶ አደረገው፤ ሁለተኛ እስከ አፉ አላስሞላውም።

ዝናብ ዘነበ፣ ጅረቱን አጠበው። አረፋው ሄደ፣ ደንገሉ እንደገና ቀና አለ። ባለላሙ ቱቦ ስለሌለው አንድ የመስታወት ማሰሮ አገኘ፤ ከሥሩ ወረቀት ላይ በከሰል መስቀል ሠርቶ ያስቀምጥና፣ ከጅረቱ ሞልቶ ጎንበስ ብሎ ያያል። "ምን ይታያል?" ብሎ ራሱን ይጠይቃል። "እንደ ጥላ" ይላል። ከዚያ ይደፋዋል። አጠገቡ የሚሰማው የለም፤ ወይዘሮዋ እንኳን ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ናት። ለኪዋ ናፍቃዋለች፣ አዎ፤ ግን ከናፍቆቱ የባሰው እፍረቱ ነበር። በበረቱ በር ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቢጫዋ ወረቀት ታየዋለች፤ እሱ ደግሞ እንደ አበዳሪው ቤት አንገቱን ሰብሮ ያልፋታል።

አንድ እሁድ ልጁ ደወለች። በላህ፣ በላሁ፣ ላሞቹን ሽጥ፣ ብለሽኛል። ወጡ አረረ። ባለላሙ ስልኩን እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጠው ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ከቤት ወጣ። ወደ ጅረቱ ወረደ፣ ማሰሮውን ሞላ፣ አየ፤ መስቀሉ አለ፣ ቁልጭ ብሎ። ማሰሮውን በጥንቃቄ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ወደ በረቱ ተመለሰ። መነጽሩን አደረገ። ከወረቀቷ ፊት ቆሞ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየነካ፣ አንዴ ተሳስቶ እያጠፋ፣ እንደገና መታው።

ከመቅጽበት ነው ያነሳችው፤ ስልኩ እጇ ላይ የነበረ ይመስል። ከኋላዋ የሰው ድምፅ የለም፣ ሳህን አይንኳኳም፣ ጭር ያለ ክፍል ነው።

"ጋሼ?" አለች ደንግጣ። "ምን ፈሰሰ?"

ባለላሙ በበረቱ በር ላይ ግንባሩን አስደገፈ። የሚለውን ሁሉ ሲያዘጋጅ ሰንብቶ ነበር፤ ይቅርታውን፣ ሲሚንቶውን፣ የማሰሮውን ነገር። አሁን አንዱም አልመጣለትም።

"ምንም አልፈሰሰም ልጄ" አላት። "እሁድ ስለሆነ ነው።"